መልአክ በስልክ አያስፈራራም፦ ከመካነ ሰላም የተነሳ የመላእክት ወግ

ከወሩ በ12ኛው ቀን ጠዋት ስልካችሁን ስትከፍቱ ምን ይጠብቃችኋል? ክንፉን የዘረጋ፣ ሰይፉን የመዘዘ የቅዱስ ሚካኤል ምስል። ከሥሩም ጽሑፍ አለ፦ ይህን ለ12 ሰው ላክ፣ እስከ ማታ የምስራች ትሰማለህ፣ ችላ ካልክ ግን... ከ«ግን» በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። አንዱ ችላ ብሎ ሥራውን አጣ፣ አንዷ ሳትልክ ቀርታ ታመመች። በ19 ደግሞ ያው ጽሑፍ ስሙን ቀይሮ፣ ቅዱስ ገብርኤል ሆኖ ይመጣል።

አንዳንዱ ስቆ ያልፈዋል። አንዳንዱ ግን፣ በተለይ ፈተና ሲደርስ ወይም ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ሲኖር፣ ሆዱ እየፈራ ይልከዋል። «ምን አጣለሁ? ልላከውና ልገላገል» ይላል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ቀስ በቀስ በሰው ልብ ውስጥ አንድ ሥዕል ይተክላል። ካልታዘዝከው የሚቀጣ፣ ሰው እየቆጠረ የሚጠብቅ፣ የሚያኮርፍ መልአክ።

እና ይሄ መልአክ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቀው መልአክ ነው? መላእክት ተፈጥሯቸው ምንድን ነው? ምን ይችላሉ፣ ምን አይችሉም? ይህን ለመጠየቅ ከመካነ ሰላምና ከቦረና ደጋ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስንወርድ ይገባችኋል።

ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

መልእክት ጽፋችሁ ስትጨርሱ የምትነኳት ቁልፍ አማርኛ ስልክ ላይ «ላክ» ትላለች። «ላከ»፣ «መልእክት»፣ «መልእክተኛ»፣ «መልአክ»፣ አራቱም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ግዕዙ «ለአከ» ይለዋል። የዕብራይስጡ «ማልአክ» ከዚሁ ሥር ነው። ግሪኩ «አንጌሎስ» ቢልም ትርጉሙ ያው ነው፤ መልእክተኛ።

ስለዚህ «መልአክ» መጀመሪያ የሥራ ስም ነው። «ሹፌር» ስንል ሰውየው ምን እንደሚሠራ እንናገራለን እንጂ ቁመቱን ወይም የደም ዓይነቱን አይደለም። ቅዱስ አውግስጢኖስም ይህንኑ ልዩነት አስተምሯል፤ መልአክ የሥራቸው መጠሪያ ነው፣ ተፈጥሯቸው ግን መንፈስ ነው።

ለዚህ ነው መጽሐፍ ቅዱስ ሰውንም በዚሁ ስም የሚጠራው። ሚልክያስ ምዕራፍ 2 ላይ ካህኑ የእግዚአብሔር መልእክተኛ ተብሏል፤ በዕብራይስጡ ቃሉ ያው «ማልአክ» ነው። በዮሐንስ ራእይ ላይ የሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት አለቆች «መልአክ» ተብለው ደብዳቤ ይጻፍላቸዋል። በእኛም ቤተ ክርስቲያን አንድን ካህን «መልአከ ሰላም» ወይም «መልአከ ብርሃን» ብለን ስንጠራ ክንፍ አለው ማለታችን አይደለም። ተልኳል፣ አደራ አለበት ማለታችን ነው።

ይህን ነገር ያዙልኝ። መልአክ የተላከ ነው። ካልተላከ አይመጣም፤ ከተላከበት በላይም አይናገርም።

ታዲያ ከምን ተሠሩ?

ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ስለ ብርሃን፣ ስለ ባሕር፣ ስለ ዓሣ ሲተርክ ስለ መላእክት አፈጣጠር ዝም ይላል። መልሱን ከሌላ ቦታ መልቀም ያስፈልጋል። ኢዮብ ምዕራፍ 38 ምድር ስትመሠረት መላእክት በደስታ እልል ሲሉ ያሳየናል፤ ስለዚህ ከሰው በፊት ነበሩ። ቆላስይስ ምዕራፍ 1 የሚታየውም የማይታየውም ሁሉ የተፈጠረ መሆኑን ይነግረናል፤ ስለዚህ ዘላለማዊ አይደሉም፣ መነሻ አላቸው። ዕብራውያን ምዕራፍ 1 የሚያገለግሉና የሚላኩ መናፍስት መሆናቸውን ይገልጻል። ጌታ ራሱ በማቴዎስ 22 እንደማያገቡ፣ በሉቃስ 20 ደግሞ እንደማይሞቱ አስተምሯል።

መዝሙር 103 (በሌላው ቆጠራ 104) መላእክትን ከነፋስና ከእሳት ጋር ያያይዛቸዋል። እዚህ ላይ የእኛ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። አንዱ ወገን «ከእሳትና ከነፋስ ተፈጠሩ» ይላል። ሌላው «የለም፣ እምኀበ አልቦ ነው፤ ካለመኖር ተፈጠሩ። እሳትና ነፋስ የተባለው ፈጣንነታቸውንና ኃይላቸውን ለማሳየት ነው» ብሎ ይመልሳል። መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ በምዕራፍ 2 መላእክት በመጀመሪያው ቀን እንደተፈጠሩ ጽፎ የነፋስ፣ የደመና፣ የበረዶ መላእክትን በየሥራቸው ይዘረዝራል።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ይህ ወሬ ሲነሳ አጠገባችሁ ያለው ሙስሊም ጎረቤት ዝም አይልም። በመላእክት ማመን በእስልምና ከስድስቱ የእምነት መሠረቶች አንዱ ነው፤ መላእክትም ከብርሃን ተፈጠሩ ብሎ ያስተምራል። ጂብሪል ብሎ የሚጠራው ያንኑ ገብርኤልን ነው። በአንድ ጀበና ቡና ዙሪያ እሳት፣ ነፋስና ብርሃን ሊነሱ ይችላሉ ማለት ነው። ሁሉም የሚስማሙበት ግን አለ፤ መልአክ ፍጡር ነው፣ ፈጣሪ አይደለም።

ጨቅላውም ጭራቁም አይደለም

ስለ መልካቸውስ? እዚህ ላይ ስልካችን ሁለት ተቃራኒ ሥዕል ያሳየናል። አንዱ የድሮው ነው፤ ጉንጩ የሞላ፣ ትንንሽ ክንፍ ያለው ፈረንጅ ሕፃን። ይህ ከአውሮፓ ሠዓሊዎች የመጣ ጌጥ እንጂ ከመጽሐፍ ቅዱስ የወጣ አይደለም። ሁለተኛው በቅርብ ዓመታት ቲክቶክን የሞላው ነው፤ «ትክክለኛው የመጽሐፍ ቅዱስ መልአክ ይሄ ነው» ተብሎ የሚለጠፍ፣ ከላይ እስከ ታች ዓይን የሆነ፣ በእሳት መንኮራኩር የሚሽከረከር አስፈሪ ነገር።

ሁለተኛው ከምንም የተነሳ አይደለም። ሕዝቅኤል ምዕራፍ 1 እና 10 ላይ የሰው፣ የአንበሳ፣ የበሬና የንስር ፊት ያላቸው ኪሩቤል አሉ፤ አጠገባቸውም ዓይን የሞላባቸው መንኮራኩሮች። ኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ላይ ደግሞ ስድስት ክንፍ ያላቸው ሱራፌል አሉ። ግን ኢሳይያስን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ከስድስቱ ክንፍ የሚበሩት በሁለቱ ብቻ ነው። በሁለቱ ፊታቸውን፣ በሁለቱ እግራቸውን ይሸፍናሉ። የሥዕሉ ነጥብ ፍርሃት መልቀቅ አይደለም፤ እነሱ ራሳቸው በእግዚአብሔር ፊት ፊታቸውን መሸፈናቸው ነው።

ከዚያም በላይ ኪሩቤልና ሱራፌል የሚታዩት በዙፋኑ ዙሪያ ነው። ወደ ሰው የሚላከው መልአክ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው መስሎ ነው። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ያየው ሦስት መንገደኞችን ነው፤ እግር አጥቦ፣ እንጎቻ አስጋግሮ፣ ጥጃ አርዶ ጋበዛቸው። ማርቆስ በባዶው መቃብር ውስጥ የሚያሳየን ነጭ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ነው። ሉቃስ ገብርኤል ወደ ማርያም ሲመጣ የነገራትን በዝርዝር ይጽፋል፤ ስለ ክንፉ ግን አንድም ቃል አይናገርም።

የእኛ ሠዓሊዎች መንገድ ከሁለቱም ይለያል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ከመቶ በላይ የመላእክት ፊቶች አሉ። አካል የላቸውም፤ ፊትና ክንፍ ብቻ። ዓይናቸው ትልልቅ ነው፣ ግን አያስፈራም። ሥጋ የሌለውን መንፈስ መሳል ያለበት ሰው ምን ያድርግ? ፊቱን ሣለ፣ ፍጥነቱን በክንፍ አሳየ፣ የቀረውን ተወው። ሥነ ሥዕልም ሥነ መለኮትም ነው።

የአብርሃም ታሪክ ደግሞ በቦረና ደጋ ሌላ ትርጉም አለው። ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ወጥቶ የመሸበት መንገደኛ በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የእግዜር እንግዳ» ሲል የኖረበት አገር ነው። ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ እግሩ ይታጠባል፣ ካለው ላይ ይቆረስለታል። ዕብራውያን ምዕራፍ 13 አንዳንዶች ሳያውቁ መላእክትን እንዳስተናገዱ ጠቅሶ እንግዳ መቀበልን እንዳንረሳ ያስጠነቅቃል። የእኛ አያቶች ይህን ጥቅስ ምዕራፉን ላያውቁት ይችላሉ፤ ኖረውታል ግን።

ዑራኤልና የቦረናው አባ ጊዮርጊስ

አሁን መካነ ሰላምን ለምን እንዳነሳሁ ልንገራችሁ። በዚሁ በቦረና የጋስጫ ገዳም አለ፤ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ገዳም። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተወልዶ በ15ኛው መጀመሪያ ላይ ያረፈ፣ የመናፍቃንን ትምህርት አንድ በአንድ እያነሳ መልስ የሰጠበትን መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፈ ሊቅ ነው። ዛሬ በየደብሩ ሌሊት ሰዓታት ሲቆም የሚደርሰው መጽሐፈ ሰዓታትም የእሱ ነው። መታሰቢያው ሐምሌ 7 ነው።

ይህ ሰው ግን ሊቅ ሆኖ አልጀመረም። ገድሉ እንደሚተርከው በሐይቅ እስጢፋኖስ ለትምህርት ገብቶ ለዓመታት ትምህርቱ አልገባው አለ። ጓደኞቹ እያለፉት ሄዱ። እሱ ወፍጮ ላይ ሆኖ እየፈጨ፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሰ ቀረ። በመጨረሻ እመቤታችን ከቅዱስ ዑራኤል ጋር ተገልጻለት ጽዋዐ ልቡናን፣ የማስተዋልን ጽዋ፣ ጠጣ ይላል ገድሉ።

ዑራኤል ማነው? 66 መጻሕፍት ባሉት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስሙን አታገኙትም፤ በስም የተጠሩት መላእክት እዚያ ሚካኤልና ገብርኤል ናቸው። የእኛው 81 ሲከፈት ግን ሩፋኤል በጦቢት፣ ዑራኤል በሄኖክና በዕዝራ ሱቱኤል ይመጣሉ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1773 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ይዞ እስኪመለስ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን መጽሐፍ አይተውት አያውቁም ነበር። የእንግሊዝኛው ትርጉም የታተመው በ1821 ነው። ዓለም ስለ መላእክት ሲመራመር ዛሬም ወደ ግዕዝ ይመጣል።

በሄኖክ ውስጥ ዑራኤል የፀሐይን፣ የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ለሄኖክ የሚያሳይ አስተማሪ ነው። በዕዝራ ሱቱኤል ግን ሌላ ነገር እናያለን። ዕዝራ አገሩ ፈርሶ፣ ሕዝቡ ተማርኮ፣ «ክፉ ለምን ይበረታል?» ብሎ ያነባል። ዑራኤል ሦስት ጥያቄ ያቀርብለታል፦ የእሳትን ክብደት መዝን፣ ነፋስን ስፈር፣ ያለፈችውን ቀን መልስ። ዕዝራ አልችልም ይላል። በቅርብህ ያለውን ካላወቅህ የልዑልን መንገድ እንዴት ትጨርሰዋለህ ነው ነገሩ።

ከዚያ ዕዝራ ስለ ራሱ ዕድሜ ይጠይቀዋል። የዑራኤል መልስ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ስለ አንተ ዕድሜ እንድነግርህ አልተላክሁም፣ አላውቀውምም ይላል በአጭሩ። አያችሁ? የሊቀ መላእክት አፍ «አላውቅም» አለ። ጌታም በማቴዎስ 24 ያቺን ቀን መላእክትም እንደማያውቋት ተናግሯል። ታዲያ በቀጥታ ሥርጭት ተቀምጦ የማያውቀውን ሰው ዕጣ ፈንታ «መልአኩ ነገረኝ» እያለ የሚዘረዝረው ሰው ከዑራኤል በላይ ማን ነግሮት ነው?

ሄኖክ የተቃራኒውንም ታሪክ ይነግረናል። 200 ትጉሃን ሳይላኩ ወረዱ። የጦር መሣሪያ ሥራን፣ አስማትን፣ ኮከብ ቆጠራን ለሰው አስተማሩ፤ ምድር በደም ተሞላች። የይሁዳ መልእክትም ስፍራቸውን ስለለቀቁ መላእክት ይናገራል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ሳጥናኤል «ፈጣሪ እኔ ነኝ» ሲል ገብርኤል የቀሩትን ባላችሁበት ጽኑ ብሎ አረጋጋቸው ይባላል። የወደቀውና ያልወደቀው መልአክ ልዩነት በኃይል አይደለም። አንዱ ቦታውን ለቀቀ፣ ሌላው በተላከበት ቆመ።

የማንስማማበትም አለ

እንበልና መካነ ሰላም ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሁለት የዶርም ልጆች፣ አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ፕሮቴስታንት፣ በዚህ ጉዳይ ሌሊቱን ሙሉ ተከራከሩ። ፕሮቴስታንቱ የዮሐንስ ራእይ 19 እና 22ን ይከፍታል፤ ዮሐንስ ሊሰግድለት ሲወድቅ መልአኩ ከለከለው። ቆላስይስ 2ንም ይጨምራል። ኦርቶዶክሱ ኢያሱ 5ን ይከፍታል፤ ኢያሱ በእግዚአብሔር ሠራዊት አለቃ ፊት በግንባሩ ተደፋ፣ ጫማህን አውልቅ ተባለ እንጂ ተነሣ አልተባለም። ዘካርያስ 1ን ይጨምራል፤ መልአኩ ስለ ኢየሩሳሌም ምሕረት ይለምናል። የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ፣ የጸጋ ስግደት ለቅዱሳን የሚለውን ልዩነትም ያስረዳል።

ይህን ክርክር እዚህ አንጨርሰውም። ግን ሁለቱም ልጆች ስልካቸው ላይ ያ «ለ12 ሰው ላክ» ሲመጣ አንድ መልስ ሊኖራቸው ይገባል። ምክንያቱም ያ ጽሑፍ የሁለቱንም መጽሐፍ ይጻረራል።

በምን እንለያለን?

አንደኛ፣ በመጀመሪያ ቃሉ። ገብርኤል ለዘካርያስ፣ ለማርያም፣ መልአኩ ለእረኞቹ፣ በመቃብሩ ለነበሩት ሴቶች፣ ከዚያም በፊት ለዳንኤል የተባለው ያው ነው፦ አትፍራ፣ አትፍሪ፣ አትፍሩ። መልአክ ሲያዩት ያስደነግጣል፤ የሚናገረው ግን ድንጋጤውን ለማውረድ ነው። የስልኩ ጽሑፍ ተገልብጧል፤ ምስሉ ያምራል፣ ቃሉ ያስፈራራል። «መላእክት አይቀጡም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ይቀጣሉ። ዘካርያስ ስላላመነ ዲዳ ሆኗል፤ የአሦር ሠራዊት በአንድ ሌሊት ወድቋል። ግን የተላኩት ኢየሩሳሌምን በከበበ ጦር ላይ ነበር እንጂ ካርድ ባለቀበት ተማሪ ላይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ በገንዘብ። ጦቢት 12ን አንብቡ። ሩፋኤል ወጣቱን ጦብያን ረጅም መንገድ መርቶ፣ ገንዘቡን አስመልሶለት፣ ያባቱ ዓይን እንዲበራ መድኃኒቱን አሳይቶታል። አባትና ልጅ ካመጡት ሁሉ እኩሌታውን ውሰድ አሉት። እሱ ማንነቱን ገለጸና እግዚአብሔርን አመስግኑ ብሎ ሄደ። አንድ ሳንቲም አልነካም። «መልአክ ተገልጦልኛል፣ ለጸሎቱ በዚህ ቁጥር ብር ላኩ» የሚል ሲመጣባችሁ ሩፋኤልን አስታውሱ።

ሦስተኛ፣ በክብር። መሳፍንት 13 ላይ ማኑሄ መልአኩን ስምህ ማነው፣ እናከብርህ ዘንድ ቢለው ስሙን አልነገረውም፤ መሥዋዕቱንም ለእግዚአብሔር አቅርብ አለው። እውነተኛ መልእክተኛ ሰውን ወደ ላኪው ያሳልፋል፣ ተከታይ አይሰበስብም።

አራተኛ፣ በመልእክቱ። ጳውሎስ በገላትያ 1 ከሰማይ መልአክ እንኳ መጥቶ ሌላ ወንጌል ቢሰብክ አትቀበሉ ብሏል። በ2ኛ ቆሮንቶስ 11 ደግሞ ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ እንደሚመጣ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ብርሃኑ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ማጣሪያው የተባለው ነገር ነው።

እናታችሁ ስትልክላችሁስ?

ጽሑፉን ብዙ ጊዜ የሚልክልን ክፉ ሰው አይደለም። እናታችን ናት፣ አክስታችን ናት። መካነ ሰላም ወይም ከላላ ወይም ወግዲ ቁጭ ብላ፣ ከተማ የሄደው ልጇ ምን ሆኖ ይሆን ብላ፣ ነገሩን ከጎረቤት ተቀብላ አሳለፈችው። ለ12 ሰው ስትቆጥር የመጀመሪያው እናንተ ናችሁ። ስለዚህ «ይሄ ፌክ ነው» ብላችሁ አትዝጓት።

ደውሉላት። ኤልያስ በምድረ በዳ ሞትን ለምኖ በተኛ ጊዜ የመጣው መልአክ አልገሠጸውም፤ ዳስሶ ቀሰቀሰው፣ ዳቦና ውኃ አቀረበለት፣ ብላ አለው። መንገድህ ሩቅ ነው ብሎም ጨመረለት። እናታችሁም ከጽሑፉ በላይ የምትፈልገው ድምፃችሁን ነው።

ከዚያ ረጋ ብላችሁ ንገሯት፦ «እማዬ፣ የሚካኤልን ሥዕል ወድጄዋለሁ፣ አስቀምጬዋለሁ። የታችኛውን ጽሑፍ ግን እሱ አልላከውም። የእሱ ቢሆን ኖሮ አትፍሪ ብሎ ነበር የሚጀምረው።»